የጣና ነጭ ዓሣ የሚድነው በወንዞቹ ነው

ክረምቱ ጠንክሮ ከጉና ተራራ የሚወርደው ውሃ ርብንና ጉማራን ሲሞላ፣ ዓመቱን ሙሉ በጣና ሐይቅ ውስጥ ተበታትነው የኖሩ ዓሦች ወንዞቹ ሐይቁን ወደሚቀላቀሉበት ቦታ ይሰበሰባሉ። ከሐምሌ ጀምሮ፣ በተለይም በነሐሴ፣ ጭቃ የተሸከመውን ጎርፍ እየሰነጠቁ በአብዛኛው በሌሊት ወደ ላይ ይወጣሉ። ዋናውን ወንዝ ትተው ወለላቸው ጠጠር ወደሆነ ትንንሽ ገባሮች ይታጠፋሉ፤ እዚያ እንቁላላቸውን ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ጥቅምት ሲያልቅ ነገሩ ሁሉ አብቅቷል። በእነዚህ ሳምንታት ወንዙ ላይ የሚሆነው ነገር፣ በዓለም ላይ ሌላ የትም የሌለ የዓሣ ወገን መቀጠል አለመቀጠሉን ይወስናል። ስለ ጣና ብዙ ይጻፋል፤ ስለነዚህ ሳምንታት ግን የሚነገረው በጣም ጥቂት ነው።

ባሕር ዳር ላይ ዓሣ የሚገዛ ሰው በዋናነት ሦስት ዓይነት ያገኛል፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ እና ነጭ ዓሣ። ቆሮሶና አምባዛ በአፍሪካ ብዙ ቦታ የሚገኙ፣ በሌሎች የሀገራችን ሐይቆችም የሚጠመዱ ናቸው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን አንድ ዓሣ አይደለም። ሳይንስ ላቤኦባርበስ ብሎ የሚጠራው፣ በካርፕ ቤተሰብ ውስጥ ያለ ወገን ሲሆን፣ በጣና ብቻ ቢያንስ 15 የተለያዩ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ ከጣናና ከገባሮቹ ውጭ አይገኙም። አንድ ሐይቅ ውስጥ ይህን ያህል የካርፕ ዘመድ ተለያይቶ፣ ሳይጠፋ እስከ ዛሬ የቆየበት ሌላ ቦታ በዓለም ላይ አልቀረም። ሌላው ቦታ ምን እንደደረሰበት በኋላ እመለስበታለሁ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ ያለው በመሬቱ አቀማመጥ ላይ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ሰፊ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ስፋቱን አይመጥንም። በአማካይ 8 ሜትር፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወረወራል። ያ ፏፏቴ ለቱሪስት ትዕይንት ቢሆንም ለዓሣ የማይወጣ ግድግዳ ነው። ከታች በናይል ተፋሰስ የሚርመሰመሱት አዳኝ ዓሦች፣ ለምሳሌ ናይል ፐርች፣ ወደ ጣና መድረስ አልቻሉም። ላይ የቀሩት ጥቂት ወገኖች ሰፊውን ሐይቅ ብቻቸውን ወረሱት። ትንንሽ ዓሦችን የሚያድን ዓሣ ያልነበረበት፣ ቀንድ አውጣውንና የውሃ ውስጥ ሣሩን ብዙ ተቀናቃኝ የማይሻማበት ሐይቅ ነበር። የላቤኦባርበስ ልጆች ቀስ በቀስ ያንን ሁሉ ተከፋፈሉት።

በዓለት ዕድሜ ሲለካ ይህ የሆነው በቅርቡ ነው ማለት ይቻላል። ከሐይቁ ወለል የተወሰደ ደለል እንደሚያሳየው፣ ጣና ከ15 ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ደርቆ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምናያቸው ዝርያዎች ወይ ሐይቁ ዳግም ከሞላ በኋላ የተለያዩ ናቸው፣ ወይም ያን የድርቅ ዘመን በወንዞቹ ውስጥ ተጠልለው ያለፉ ናቸው። ሁለቱም መንገዶች ወንዞቹን የታሪኩ መነሻ ያደርጓቸዋል።

አንዱን ዝርያ ከሌላው ለመለየት ብዙ ጊዜ አፉን ማየት ይረዳል። ኔድጊያ የሚባለው ወፍራም፣ ሥጋማ ከንፈር አለው፤ በድንጋይና በጠጠር መካከል ከንፈሩን እያስጠጋ የነፍሳት እጭ እየመጠጠ ይበላል። ስሙን ከጎርጎራ ያገኘው ጎርጎሬንሲስ ቀንድ አውጣን ከነቅርፊቱ ይፈጫል። ሱርኪስ የውሃ ዕፅዋት ይመገባል። ጭንቅላቱ አጭር የሆነው ብሬቪሴፋለስ በዓይን የማይታዩ ሊባሉ የሚችሉ ጥቃቅን የውሃ እንስሳትን ያጣራል። አንዱ ደግሞ ውሃው ላይ የወደቁ ነፍሳትን ይለቅማል። የአፉ ስፋት የሚያስገርመው ሜጋስቶማ፣ አፈ ሹሉ አኩቲሮስትሪስ፣ ዓይነ ትልቁ ማክሮፍታልመስ ግን ዓሣ በሎች ናቸው። ከ15ቱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ ይኖራሉ።

ይህ የመጨረሻው ነገር የዓሣ ተመራማሪዎችን ያስደነቀው በምክንያት ነው። የካርፕ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሶቹ ያሉት ከጉሮሮው ውስጥ ነው። ጨጓራም የለውም፤ የዋጠው በቀጥታ ወደ አንጀት ይገባል። የሚንሸራተትና የሚያመልጥ ዓሣ ነክሶ መያዝ ለማይችል፣ ትልቅ ጉርሻም ለማይመቸው እንስሳ አዳኝ መሆን ከባድ ነው፤ በዓለም ላይ ካሉት በሺህ የሚቆጠሩ የዚህ ቤተሰብ ዝርያዎች ዓሣ በል የሆኑት እጅግ ጥቂት ናቸው። በጣና ግን እውነተኛ አዳኞች ስላልደረሱበት ያ ቦታ ክፍት ነበርና እነዚህ ያዙት። ምግባቸውም ከጣት የማይበልጡት ትንንሾቹ የጣና ባርበሶች፣ የነጭ ዓሣ ትንንሽ ዘመዶች፣ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ፣ ታናፔላጊየስ፣ ከጣና ውጭ አይታወቅም።

ሳይንስ ራሱ እነዚህን ዓሦች በትክክል ለይቶ ለማወቅ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከጣና ዓሣ ወስዶ የተወሰኑትን ስም ሰጣቸው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ደግሞ ስም እየጨመሩ ዝርዝሩን አበዙት። በ1973 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኪት ባኒስተር የምሥራቅ አፍሪካን ትልልቅ ባርበሶች ሲመረምር፣ የጣናዎቹን በሙሉ ማለት ይቻላል ከሌሎች ጋር አጣምሮ መልኩ ብዙ የሆነ አንድ ዝርያ አደረጋቸው። ወረቀት ላይ ሲታይ ጣና በአንድ ቀን ባለ አንድ ነጭ ዓሣ ሐይቅ ሆነ። በ1990ዎቹ ሊዮ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች፣ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር፣ ዓሦቹን እየለኩ፣ የሚበሉትንና የሚውሉበትን እያጠኑ ዝርያዎቹ የተለያዩ መሆናቸውን አሳዩ። ይህ የስም ክርክር ብቻ እንዳይመስል። አንድ ዝርያ ናቸው ከተባለ አንዱ ዓይነት ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ መዝገቡ ላይ የጎደለ ነገር አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ወንዙ እንመለስ። ከ15ቱ ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ወደ ወንዝ እንደሚወጡ በጉማራና በሌሎች ወንዞች በተደረጉ ጥናቶች ተረጋግጧል። በኋላ በሰሜን በኩል በመገጭ፣ በድርማና በአርኖ ጋርኖ የተደረጉ ጥናቶችም እነዚህ ወንዞች መራቢያ መሆናቸውን አሳይተዋል። ሐይቅ ሙሉ ውሃ እያለ ለምን ወንዝ ፍለጋ ይደክማሉ? ምክንያቱ እንቁላሉ ነው። የላቤኦባርበስ እንቁላል ለማደግ በኦክስጅን የበለጸገ፣ የሚንቀሳቀስ ውሃ ይፈልጋል። ሴቷ በማይጠልቅ፣ ፈጥኖ በሚወርድ ውሃ ውስጥ፣ ጠጠር ላይ ትጥለዋለች፤ እንቁላሉ በጠጠሮቹ መካከል ገብቶ ይደበቃል፣ በመካከላቸው የሚያልፈው ንጹሕ ውሃም ያስተነፍሰዋል። ጣና በዳርቻው ጭቃማ፣ በነፋስ የሚታመስና ደለል የሚበዛበት ነው። ጭቃ የለበሰው እንቁላል ይታፈናል። የተፈለፈሉት የዓሣ ጫጩቶችም ወዲያው ወደ ሐይቁ አይወርዱም፤ በገባሮቹና በወንዙ ዳር ባሉ ኩሬዎች ቆይተው፣ ጠንከር ሲሉ ነው የሚወርዱት።

ዝርያዎቹ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወጡም። በተለያዩ ሳምንታት፣ በተለያዩ ገባሮች እየተፈራረቁ ይራባሉ። እርስ በርስ ሳይደባለቁ የየራሳቸውን ዘር የሚጠብቁት በከፊል በዚህ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ከጉማራ ገባሮች አንዱ ቢበላሽ ጉዳቱ በሁሉም ላይ እኩል አይደርስም፤ አንዱን ዝርያ ከሌላው ይበልጥ ይጎዳል።

ይህን ከተረዳን፣ ዓሣ ማስገር ለምን ነጭ ዓሣን ከቆሮሶ ይልቅ እንደጎዳው ግልጽ ይሆናል። በጣና ዳር ለዘመናት ዓሣ ሲያሰግሩ የኖሩት በዋናነት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው፤ ከደንገል በተሠራ ታንኳ፣ ከዳርቻው ብዙ ሳይርቁ። በ1986 እ.ኤ.አ. ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ የሚያቀርብ የልማት ፕሮግራም ተጀመረ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ለዓሣ አስጋሪው ገቢ፣ ለከተማው ምግብ ማስገኘት። ዓመታዊው ምርት በ1987 ከነበረበት 39 ቶን ገደማ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 360 ቶን አደገ። ሐይቁ በአጠቃላይ ሲታይ ይህንን ሊሸከም ይችል ነበር። ችግሩ መረቡ የተዘረጋበት ቦታና ጊዜ ነው።

ቆሮሶ በሐይቁ ዳር፣ ሣርና ደንገል ባለበት፣ በዓመቱ ውስጥ በተለያየ ጊዜ ይራባል። ቶሎ ይደርሳል። እናቲቱ እንቁላሉንና ጫጩቶቹን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ከሐይቁ አንድ ጥግ ላይ ብዙ ቢጠመድ በሌላው ጥግ ይራባል። ነጭ ዓሣ ግን ዘግይቶ የሚደርስ ነው፤ ሲደርስም በዓመት አንድ ጊዜ በጥቂት የወንዝ አፎች ፊት ተጨናንቆ ይቆማል። እዚያ መረብ መዘርጋት፣ በገበያ ቀን የከተማውን ብቸኛ በር ይዞ የሚገባውን ሁሉ እንደ ማስቀረት ነው። የሚያዘውም እንቁላል የተሸከመው ዓሣ ነው። የዓሣ ተመራማሪው ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ባደረጉት ክትትል፣ ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት አሥር ዓመታት የጣና ላቤኦባርበሶች ክምችት በክብደት ሲለካ በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደነግጠው የትንንሾቹ ቁጥር ነው፤ ያልደረሱት ዓሦች በ90 በመቶ ገደማ ወርደዋል። ትልልቆቹ ብቻ ቢቀንሱ ኖሮ ተተኪ እያደገ ነው ብለን በተጽናናን ነበር። ተተኪው ራሱ ሲጠፋ ግን መራባቱ እንደተቋረጠ ያሳያል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልቀለለም። ከቀጭን ፕላስቲክ ክር የሚሠራው ሞኖፊላመንት መረብ ርካሽ በመሆኑ ተስፋፍቷል፤ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ትንሹንም ትልቁንም ይይዛል፣ ሲቀደድ ሐይቁ ውስጥ ተጥሎ ሳይበሰብስ ማጥመዱን ይቀጥላል። በወንዞቹ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ መጨመር አለ። ብርብራ ዓሣውን ያደነዝዘዋል፤ ሰውየው ተንሳፎ ያገኘውን ትልልቁን ይለቅማል፣ በዚያው ኩሬ ውስጥ የነበሩት የዓሣ ጫጩቶች ግን አብረው ይሞታሉ። አንድ ሰው ለአንድ ራት ሲል የአንድ ገባር የዓመት ልጆችን በሰዓታት ውስጥ ሊጨርስ ይችላል። ይህን ስጽፍ በገበሬው ላይ ፈርጄ አይደለም፤ ነገ ምን እንደሚከተል የነገረው ሰው ካልነበረ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውም።

የጾሙ ጉዳይም አለ። በጾም ዓሣ መብላት ተገቢ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ ገበያው የሚያሳየውን ልናገር፦ በጾም ወራት የዓሣ ፍላጎት ያሻቅባል። ዓቢይ ጾም በበጋ ስለሚውል ለነጭ ዓሣ መራባት የከፋ ጊዜ አይደለም። ፍልሰታ ግን ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ነው፤ ዓሦቹ ወደ ወንዝ የሚወጡበትን ወቅት መሀል ለመሀል ይይዛል። ፍላጎቱ ከፍ የሚልበትና ዓሣው በቀላሉ የሚያዝበት ቀን ሲገጣጠሙ ውጤቱ የታወቀ ነው። በፍልሰታ ቆሮሶ መምረጥ ለገዢው ትንሽ ነገር ነው፤ ለነጭ ዓሣ ግን ትርጉሙ ትልቅ ነው።

መረቡ በሙሉ ቢነሳ እንኳ ወንዙ ራሱ ጤነኛ መሆን አለበት። ከጉና ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ጠጠሩን እየሸፈነ ነው። ለግንባታ የሚዛቀው አሸዋና ጠጠር ደግሞ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥልበት ወለል ራሱ ነው። በበጋ በፎገራ ሜዳ በጄኔሬተርና በፓምፕ የሚሳበው ውሃ የወንዞቹን የታችኛውን ክፍል እስከማድረቅ ይደርሳል፤ በኩሬ ውስጥ የቀሩት የዓሣ ጫጩቶችም አብረው ይቀራሉ። ለአምባዛ መራቢያ የሆነው የፎገራ ረግረግ አብዛኛው ወደ ሩዝ ማሳነት ተለውጧል። ሩዙ ብዙ ቤተሰብ ያበላል፤ ይህን የሚቃወም ልብ የለኝም። ነገር ግን ወንዙ ሙሉ በሙሉ እንዳይደርቅ በቂ ውሃ መተው ሩዙን አያስቀርም።

ግድቦች ለብቻቸው ሊነገሩ ይገባል። በርብ ወንዝ ላይ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የመስኖ ግድብ ተሠርቷል፤ በመገጭም ሌላ ትልቅ የግድብ ሥራ አለ፤ ቆጋ ከብዙ ዓመት በፊት ተገድቧል። እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ የዓሣ መሰላል (ዓሣ ደረጃ በደረጃ የሚወጣበት መተላለፊያ) መሥራት በተግባር የሚታሰብ አይደለም፤ ከግድቡ በላይ ያለው መራቢያ ለዓሣው ተዘግቷል። ከግድቡ በታች ግን ገና የሚሠራ አለ። ዓሣው ወደ ወንዝ እንዲወጣ የሚቀሰቅሰው የክረምቱ ውሃ ከፍ ማለት ነው። ግድቡ ክረምቱን ሙሉ ውሃውን ይዞ ከቆየ ያ ጥሪ አይደርሰውም። በሐምሌና በነሐሴ የተወሰነ ውሃ በታቀደ መልኩ መልቀቅ፣ በታችኛው የውሃ መቀልበሻ ላይም ዓሣ የሚያልፍበት መንገድ ማበጀት፣ ለጉማራም ግድብ ከታሰበ ይህን ከወዲሁ በንድፉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ግንባታው ካለቀ በኋላ ለማስተካከል መሞከር ብዙ እጥፍ ይከብዳል።

ስለ ጣና ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው እምቦጭ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ወዲህ ሕዝቡ በእጁ እየነቀለ ያደረገው ርብርብ የሚያኮራ ነው፤ አረሙም ዳርቻውን ሲሸፍን የቆሮሶን መራቢያ ያፍናል። ይሁን እንጂ እምቦጩ ነገ ጠዋት ተነቅሎ ቢያልቅ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አይድኑም። መራቢያቸው እምቦጭ ካለበት ዳርቻ በአሥሮች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ገበሬው በሚሻገረው በዚያ ቀጭን ጅረት ውስጥ ነው። ትኩረታችንና ገንዘባችን ወደ ላይም መውጣት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ከላይ ቃል የገባሁት ሌላው ሐይቅ ላናዎ ይባላል፤ ያለው በፊሊፒንስ፣ ሚንዳናዎ ደሴት ላይ ነው። እንደ ጣና ከፍታ ላይ የተቀመጠ፣ መውጫው በፏፏቴ የሚወርድ፣ ከአንድ የካርፕ ዘመድ ብዙ ዝርያዎች የተፈጠሩበት ሐይቅ ነበር። ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሦችና ያልተገደበ ማስገር ተባብረው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አራቆቱት። በ2020 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15 የላናዎ ዝርያዎችን ሙሉ በሙሉ የጠፉ ብሎ መዘገባቸው። ቁጥሩ ከጣና ዝርያዎች ቁጥር ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ግን ባየሁት ቁጥር ይከብደኛል። ከላናዎ የምንወስደው አንድ ቁርጥ ያለ ነገርም አለ፦ በጣና ተፋሰስ በሚሠሩት የግድብ ሐይቆች ውስጥ ከውጭ የመጣ ዓሣ በፍጹም መለቀቅ የለበትም። ከግድብ ያመለጠ ዓሣ ወንዙን ተከትሎ ጣና ይገባል፤ ከገባ በኋላ ማንም አያወጣውም።

ሕጉ ከሞላ ጎደል አለ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። ባሕር ዳር ላይ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፣ ዩኒቨርሲቲም አለ፤ የትኛው ዓሣ መቼ የት እንደሚራባ ከውጭ ሰው ይልቅ የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች አሉ። የጎደለው በወንዙ አፍ ላይ የሚቆም ሰው ነው። ሙሉውን ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የጉማራን፣ የርብን፣ የመገጭን፣ የድርማን፣ የአርኖ ጋርኖንና የግልገል ዓባይን አፎች ከሐምሌ እስከ መስከረም ከመረብ ነጻ ማድረግ፣ በገባሮቹም ላይ ጠጠር ማውጣትና ብርብራ መጨመርን በቀበሌ ደረጃ ማስቆም ነው የሚፈለገው። በእነዚያ ሳምንታት ገቢው የሚቀንስበት ዓሣ አስጋሪ ካሣ ወይም የጥበቃ ሥራ ሊሰጠው ይገባል፤ ወንዙን ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ጠባቂ አይገኝም። ገንዘቡም ለእምቦጭ ዘመቻ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ቀጣዩ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ መረቦቹ ከመዘርጋታቸው በፊት፣ በየወረዳው ሊወሰን የሚችል ነገር ነው።